ለዶሚቲላ የተነደፈ ኮርኒስ

ሰዓሊ ሲሞት ሥራው ይወራለታል። የለሳኝ ስም ግን ከልስኑ ጋር አብሮ ይደርቃል። እኔ ባስቲያኖ ዕድሜዬን ሙሉ ኖራና አሸዋ ሳቦካ የኖርኩ ለሳኝ ነኝ፤ ስለ ፍላሚኒዮ ዛጎኒ የማወራው ላወድሰው ብዬ አይደለም። እሱን የሚያወድስ በቦሎኛ ሞልቷል። በአንድ ርብራብ ላይ ጎን ለጎን ቆመን አርጅተናል፣ ከአንድ ማሰሮ ባቄላ በልተናል፣ ተሰዳድበናል፣ ታርቀናል። ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ እጁ ጥበብ ሲያወራ እሰማለሁ። ስለ ወንበሩ የሚያወራ ግን የለም፤ እሱን እኔ ላውራው።

ፍላሚኒዮ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚሄድ ሰው ነበር። ወደ ላይ ሲያይ ስለኖረ መንገድ ላይ እንኳን ወደ ታች ማየት አይሆንለትም። በበረንዳው ስር ሲያልፍ የአንዷን ሻጭ ቅርጫት ይደፋል፤ እሷን ይቅርታ ሲጠይቅ የጎረቤቷን ይደግማል። በወጣትነቱ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ርብራብ ላይ ወድቆ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመን ቤቱ ያደረስነው እኛ ነን። ሚስቱ ዶሚቲላ በሩን ከፍታ ስታየን ከፊቷ ላይ ደም የሚባል ነገር ጠፋ። ሞቶ እንደሆነ ጠየቀችን፤ የለም፣ እየተሳደበ ነው አልናት። የግራ ጉልበቱ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ዶሚቲላም ርብራብ የሚለውን ቃል መስማት አትወድም ነበር።

ሙያው የሌለውን ማቆም ነው። እኔ ለስኜ የሰጠሁት ጠፍጣፋ ኮርኒስ ላይ ዓምድ ይተክላል፣ በዓምዶቹ ላይ ሰገነት ያስቀምጣል፣ ከሰገነቱ በላይ ሰማይ ይከፍታል። ከታች የቆመ ሰው ቤቱ ላይ ሌላ ቤት የተሠራ ይመስለዋል። ይህ ሁሉ ግን በአንዲት ነጥብ የተያዘ ነው። ንድፉ ከመጀመሩ በፊት የሚያየው ሰው ዓይን የት እንደሚሆን ይወሰናል፤ ያቺን የዓይን ነጥብ እንላታለን። መስመሮቹ በሙሉ የሚለኩት ከእሷ ነው። ነጥቧ ላይ ለቆመ ሰው ዓምዶቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ከነጥቧ ሲርቅ ይጋደላሉ፤ በጣም ሲርቅማ ሰካራም የሠራቸው ይመስላሉ።

ነጥቧ የት ትቀመጣለች ትሉኝ እንደሆነ፣ በር ላይ ነው። ባለጸጋ ኮርኒስ የሚያሠራው ለራሱ አይደለም። እንግዳው ገና ደፉን ሲረግጥ አፉን እንዲከፍትለት ነው። ስለዚህ ፍላሚኒዮ አዲስ ወረቀት በዘረጋ ቁጥር፣ ገና ሳያስብ፣ እጁ ወደ በሩ ይሄዳል። ነጥቧን ያሳርፋል፣ ከዚያ ያፏጫል፣ ከዚያ ሥራ ይጀምራል።

ሲነድፍ ማየት ደስ ይል ነበር። እሱ በሕይወት እያለ ይህን ነግሬው አላውቅም፤ ቀድሞውንም ልቡ ያበጠ ነበር። መጀመሪያ በትንሽ ወረቀት ላይ ያደርገዋል። በግራው ግማሽ አንድ ዓይነት ጌጥ፣ በቀኙ ግማሽ ሌላ። ያንን ይዞ ባለቤቱ ዘንድ ይቀርብና «የትኛው ደስ ይልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። የተመረጠው ግማሽ በትልልቅ ወረቀት፣ በኮርኒሱ ልክ ተደርጎ ይነደፋል። ከዚያ መስመሩ በሙሉ በመርፌ ይበሳሳል፤ ወረቀቱ እርጥቡ ልስን ላይ ተለጥፎ በከሰል ዱቄት ከረጢት ይመታል። ወረቀቱ ሲነሳ ንድፉ በጥቁር ነጠብጣብ ልስኑ ላይ ይቀራል።

መርፌው የዶሚቲላ ነበር። አባቷ ሐር ፈታይ ስለነበረ ጣቶቿ ቀጭን ነገር መያዝ ከልጅነት የለመዱ ናቸው። እራት ከተበላ በኋላ ፍርፋሪውን ከጠረጴዛው ላይ ጠርጋ፣ ወረቀቱን ዘርግታ፣ ከስሩ የሱፍ ጨርቅ አንጥፋ ትቀመጣለች። ሁልጊዜ የምትጀምረው ከዓይን ነጥቧ ነው። «መጀመሪያ ዓይኑን ላብራለት» ትልና ትወጋለች። ከዚያ በኋላ ዓምዱን፣ ቅጠሉን፣ መልአኩን እየተከተለች ትሄዳለች። አንድ ቀን ፍላሚኒዮ አንዱን ዓምድ አሳጥሮት መርፌዋን አቁማ፣ ይህ ሰውዬ በአንድ እግሩ ነው የሚቆመው? ብላ እንዳሳቀችን አልረሳውም።

የወጋቻቸውን ኮርኒሶች ግን አንዱንም አላየችም። የሠራተኛ ሚስት በመኳንንት ቤት ከወጥ ቤት በር አታልፍም። ባሏ ስለ ሥራው ሲያወራ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ትሰማው ነበር፤ የምታውቀው ሁሉ ከጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ቁራጭ ነው። የመልአክ ክንፍ ታውቃለች፤ መልአኩ የት እንደሚበር አታውቅም። «ስንት ሰማይ በሳሁ፣» ትል ነበር እየሳቀች፣ «አንድም ቀን ዘንቦልኝ አያውቅም።»

የራሳቸው መኝታ ቤት ኮርኒስ ጭስ የበላው አሮጌ ልስን ነበር። ጥግ ላይ ውኃ ሰርጎበት ዝይ የሚመስል ቢጫ እድፍ አውጥቷል። ፍላሚኒዮ በሠርጋቸው ሰሞን የመኝታ ቤታችንን ኮርኒስ እሠራልሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል፤ እኔም ሰምቻለሁ፣ ወይን ጠጥተን ስለነበር ግን እንደ ቁም ነገር አልያዝኩትም። እሷ ይዛዋለች። በየዓመቱ ነገሩ ይነሳል፣ በየዓመቱ ምክንያት ይገኝለታል። ይህ የሴናተሩ ቤት ይለቅ። ክረምት ነው፣ ኖራ አይደርቅም። ከፋሲካ በኋላ። ከወይን ለቀማ በኋላ። የሰውን ቤት ሰማይ ሲከፍት ዝይዋ ከራሱ አልጋ በላይ ወፈረች። ዶሚቲላ ተቆጥታ አታውቅም። ጠዋት ስትነሳ፣ ዝይዋ ደህና አድራለች ትለዋለች፤ እሱም ይስቃል። የእኔ ሚስት ቴክላ ብትሆን ኖሮ ዝይዋን ለራት ታቀርብለት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ዶሚቲላ እግሯ ከዳት። መጀመሪያ አንዱ፣ ቆይቶ ሁለቱም። ሐኪሙ መጣ፣ ደም አፈሰሰ፣ ከብርድና ከነፋስ ተጠበቁ ብሎ ሄደ። አልጋዋን ከበሩ ርቆ ባለው ጥግ፣ የጭስ ማውጫው ግድግዳውን በሚያሞቅበት በኩል አስጠጉላት። ባሏ የሞተባት እህቷ ኤርሲሊያ ልታስታምማት መጥታ አብራ ኖረች። ኤርሲሊያ እንደ ኮምጣጤ የምታቃጥል ሴት ናት፤ እጇ ግን ሩኅሩኅ ነበር። ዶሚቲላ ቀኑን ሙሉ በጀርባዋ ተኝታ ዝይዋን ስታይ ትውላለች።

ፍላሚኒዮ ያኔ ነቃ። ሰው ዕዳው የሚታየው መክፈል ሲያቅተው ነው። በጋው ሲገባ ዶሚቲላን ወደ ኤርሲሊያ ክፍል አዛውሮ፣ ልስኑ እየረገፈ ስለሆነ ይታደሳል ብሎ ዋሻት። ሊያስደንቃት ፈልጎ ነው። ወረቀቱን በእሷ ጠረጴዛ ላይ አልዘረጋም፤ ጥቅልሉን ይዞ እኔ ቤት መጣ። መርፌውን ራሱ ያዘ። ጣቱን እየወጋ፣ እየተሳደበ፣ ወረቀቱ ላይ ደም እያንጠባጠበ በሳሳው። ቴክላ አይታው፣ ይህ ሥራ እንዲህ ከባድ መሆኑን ዛሬ ገና ማወቅህ ነው? አለችው።

አንድ ነገር አሁን ሳስበው ይቆረቁረኛል። ለመኳንንቱም ለሴናተሩም ሁለት ግማሽ ነድፎ የትኛው ደስ ይልዎታል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ለሚስቱ አንድ ብቻ ነደፈ። ምን እንደምትወድ አውቃለሁ ብሎ ነው። እውነቱን ነው፣ ያውቅ ነበር። ሦስት ሦስት ዓምድ በየጎኑ አቆመ፤ ከአባቷ ደጅ የነበረው የበለስ ዛፍ ቅርንጫፉን በሰገነቱ ላይ እንዲጥል አደረገ። በሰገነቱ መከታ መካከል ደግሞ፣ አንገቷን አስግጋ ወደ ታች የምታይ አንዲት ነጭ ዝይ ሣለ። እኔ አሮጌውን ልስን አውርጄ አዲሱን ስለስን፣ እሱ በዚያ ጉልበቱ መሰላሉን ሲወጣና ሲወርድ እንደ ሙሽራ ያፏጭ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ሠርቻለሁ፤ ከዚያች ጠባብ ክፍል የተሻለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ያለቀ ቀን ዶሚቲላን በገለባ መቀመጫ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ እኔና እሱ ግራና ቀኝ ይዘን አመጣናት። ዓይኗን በመሐረብ ሸፍኖታል። ደፉ ላይ ስንደርስ ወንበሩን ከፍ አድርገን ያዝን፤ ኤርሲሊያ መሐረቡን ፈታችላት። ዶሚቲላ ቀና አለች። ዓይኗ ከዓምድ ወደ ዓምድ፣ ከዚያም ወደ በለሱ ሄደ። ከዚያ ዝይዋን አገኘቻትና በእንባዋ መካከል ሳቀች።

«ፍላሚኒዮ፣» አለች፣ «ዘነበልኝ።»

ፍላሚኒዮን ያን ቀን ከጳጳሱ ጋር ቦታ ተለዋወጥ ቢሉት እሺ አይልም ነበር።

ከዚያ ወደ ውስጥ ወስደን አልጋዋ ላይ አስተኛናት። ራሷን ትራሱ ላይ አድርጋ ወደ ላይ አየች። ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አለፈ፤ ሁላችንም ድካም መሰለን። እኛ ወደ ወጥ ቤት ሄደን ሞርታዴላ ቆርሰን፣ ወይን ከፍተን ጠጣን።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ፍላሚኒዮ ከሥራ ሲመለስ ዶሚቲላን ወደ ግድግዳው ዞራ ያገኛታል። ኮርኒሱስ? ይላታል። በጣም ያምራል ትለዋለች። ዓይኗን ግን ወደ ላይ አታነሳም። ጠዋት ያያታል፣ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ማታ ያያታል፣ እንዲያው ናት። አንዳንድ ቀን ክንዷን ዓይኗ ላይ አድርጋ ትተኛለች። በመሸታ ቤት ከእኔ ጋር ሲቀመጥ ቅሬታውን አወጣው። መኳንንት ቆባቸውን አውልቀው አፋቸውን የከፈቱለት ሰው፣ የገዛ ሚስቱ ከሥራው ይልቅ ባዶ ግድግዳ መምረጧ አንገበገበው። ሴት ልጅ ስትታመም ጠባይዋ ይለወጣል አልኩት። ከዚህ የተሻለ ማጽናኛ አልመጣልኝም።

ሌላም አመል አወጣች አለኝ። ወንበሯን በሩ ጋ አድርጉልኝ ትላለች። እዚያ ነፋስ አለ፤ ከደረጃው ወደ ላይ የሚነፍሰው ብርድ ሞትን ይጠራል። ሐኪሙም ከልክሏል። ፍላሚኒዮ እምቢ አላት። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀች፤ ደግሞ እምቢ አላት። ክረምቱ አልፎ፣ ቀኑ ሞቅ ሲልም ጠየቀች። መጀመሪያ የተቃወመው ለጤናዋ አስቦ ነበር። በኋላ ግን እልህ ገባው። ከዚህ ክፍል መውጣት ነው የፈለገችው ብሎ አሰበ፤ ከሱም ከሥራውም መሸሽ።

በግንቦት የሳን ሉካ እመቤታችን ሥዕል ከኮረብታው ወደ ከተማ በሰልፍ በሚወርድበት ቀን እኔ እዚያው ነበርኩ። አንድ ላይ ልንሄድ ልጠራው መጥቼ ነው። ደወሉ ይደወላል፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል፣ ከየመስኮቱ ጨርቅ ተሰቅሏል። ዶሚቲላ ከአልጋዋ ላይ በቀጭን ድምፅ ተናገረች።

«ዛሬ እንኳን በሩ ጋ አስቀምጠኝ። ትንሽ ብቻ።»

«መስኮቱን ከፍቼልሻለሁ፣ ከዚያው ሆነሽ ትሰሚያለሽ» አላት ፍላሚኒዮ።

«ለመስማት አይደለም።»

«እና ለምንድን ነው? ይህን ሁሉ ሠርቼልሽ በሩን ነው የምትናፍቂው? ከራስሽ በላይ ያለውን አንድ ቀን ቀና ብለሽ ብታዪ ምን አለ?»

ዶሚቲላ አየችው። ምላሷ ጫፍ ላይ ነገር እንደነበረ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ማን ልብ አለ። ከዚያ ፈገግ አለችለት። «ተወው በቃ፣» አለችው። «ሂድ፤ እመቤታችን እንዳታልፍህ። ስለ እኔም ጸልይልኝ።»

ሄድን። ጸለየ አልጸለየም አላውቅም። ፊቱ እንደ ሰንበት ሱቅ ተዘግቶ ነበር። የበለስ ፍሬ ሳይደርስ ዶሚቲላ አረፈች።

ፍላሚኒዮ ከቀብሩ በኋላ ያንን ክፍል ዘጋው። ወጥ ቤት ውስጥ፣ በሕመሟ ጊዜ እንዳደረገው ከምድጃው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ መተኛቱን ቀጠለ። ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ያቺ አግዳሚ ላይ ይጋደማል። ወረቀት የምትበሳሳ ሌላ ሴት ፈልግ ብለው እምቢ አለ። ራሱ ይወጋ ነበር፣ ከዓይን ነጥቧ ጀምሮ።

በዓመቱ ክረምት ሲመጣ ታመመ። ትኩሳት ያዘው፣ ጉልበቱ አበጠ። ኤርሲሊያ የምትታዘዝ ሴት አይደለችም፤ አግዳሚ ላይ ሞተህ እኔን ልታሳማኝ ነው ወይ ብላ፣ ክፍሉን ከፍታ፣ በግድ ገፍታ አልጋው ላይ አስተኛችው። ግድግዳው ስለሚሞቅ በዶሚቲላ ቦታ ነው ያስተኛችው። ፍላሚኒዮ ሁልጊዜ ይተኛ የነበረው ከዳር በኩል ነው፤ ኮርኒሱ ከተሠራ በኋላም በሽተኛዋን እንዳይገፋ ብሎ ወጥ ቤት ያድር ነበር። በዚያች ትራስ ላይ ራሱን አሳርፎ አያውቅም።

ቴክላ የሰጠችኝን የዶሮ መረቅ ይዤ ስደርስ ኤርሲሊያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሱ በጀርባው ተኝቷል። ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ተተክሏል፣ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ጨብጧል። ትኩሳቱ ነው ብዬ ነበር።

«ባስቲያኖ፣ ና እዚህ ተኛ» አለኝ።

ከነጫማዬ? አልኩት።

«ተኛ አልኩህ።»

ጠጋ አለልኝ። መረቁን መሬት አስቀምጬ፣ እንዲህ ባለ ዕድሜዬ ከሰዓሊ ጎን ልተኛ ነው ወይ እያልኩ፣ ራሴን በሟቿ ትራስ ላይ አደረግሁና ቀና አልኩ።

ዓምዶቹ ላያችን ላይ እየወደቁ ነበር። ከራስጌ በኩል ያሉት ሦስቱ እንደተገዘገዘ ዛፍ ወደ ፊታችን ተጋድለዋል። ሰገነቱ ተገልብጦ ያለውን ሁሉ ሊያራግፍብን ነው። በለሱ ከሥሩ የተነቀለ ይመስላል። ዝይዋ ደግሞ አንገቷ ተጎትቶ፣ ምንቃሯ ተጣሞ፣ በአናቷ ወደ አፌ ትመጣለች። ልስኑን የለሰንኩት እኔ ነኝ፤ ጠፍጣፋ መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ። እንደዚያም ሆኖ የፍራሹን ጠርዝ ያዝኩ፣ ከዚያም ዓይኔን ጨፈንኩ። ጤነኛ ሰው ነኝ፣ ተነስቼ መሄድ እችላለሁ። እሷ እግር አልነበራትም።

«ታውቂ ነበር?» አላት ኤርሲሊያን፤ ዓይኑን ከላይ ሳያወርድ።

ኤርሲሊያ ሽርጧን ስታፍተለትል ቆየች።

«በእናታችን አፅም አስምላኛለች፣» አለች በመጨረሻ። «ከነገርሽው ያፈርሰውና እንደገና ሊሠራው ርብራብ ላይ ይወጣል፣ በዚያ ጉልበቱ ይወድቅብኛል አለችኝ። ሆድ ይፍጀው አለች። ከበሩ ላይ ሲያዩት ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው፤ ወንበር ያስቀምጥልኛል፣ ከዚያ ሆኜ አየዋለሁ አለች።»

ውጭ የተቆላ ለውዝ ሻጩ ሲጮህ ይሰማ ነበር።

«ወንበር ጠይቃኝ ነበር» አለ ፍላሚኒዮ።

ያንን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ርብራብ ላይ ሆነን፣ ባቄላ እየበላን፣ መንገድ እየሄድን፣ ካወራነው ነገር ጋር ምንም ሳይገናኝ ድንገት ይለዋል። ወንበር ጠይቃኝ ነበር። ወርቅ አልጠየቀችኝም፣ ወንበር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ በዓይኔ አያለሁ አላልኩም።

ትኩሳቱ ሲለቀው ከሳጥኑ ውስጥ ንድፉን አውጥቶ አሳየኝ። በግርጌው የክፍሉን ወለል ነድፎታል፤ ርብራቡ የት እንደሚቆም ለማየት ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው። አልጋዋ እዚያ አለች። ጥግ ላይ፣ በትንሽ አራት ማዕዘን፣ ትራሷ ሳይቀር ተነድፏል። በውስጧም በገዛ እጁ «ዶሚቲላ» ብሎ ጽፏል። የዓይን ነጥቧ ግን ከዚያ ርቃ፣ የበሩ ደፍ ላይ ተወግታለች። ከወጋት በኋላ ጣቱ ስለደማ ከዳሯ ቡናማ ነገር አለ።

«እሷ ብትበሳው ኖሮ፣» አለ፣ «ገና መጀመሪያዋን ነጥብ ስትወጋ መርፌዋን ታቆም ነበር። ይህ ሰውዬ የት ቆሞ ነው የሚያየው ትለኝ ነበር።»

እኔ ሰው የሚለውን የተለመደ ነገር አልኩ፤ ባለማወቅ ነው አልኩት። አለማወቅ አይደለም አለኝ። ለበሩ መንደፍ እጄ ያውቃል፣ ለሚስቴ መንደፍ ግን ማሰብ ያስፈልግ ነበር፣ እኔም አላሰብኩም አለ።

በጸደይ አዲስ ንድፍ ሠራ። ነጥቧን ትራሱ ላይ አሳርፎ፣ ዓምዶቹን ከአልጋዋ ለሚያይ ሰው ቀጥ አድርጎ አቆማቸው። ዝይዋ በቀጥታ ወደ ትራሱ ታያለች፣ ልታወራ ያለች ትመስላለች። ወረቀቱን ስዘረጋው ጸጉሬ ቆመ። አሮጌውን በነጻ አወርድልሃለሁ፣ ኖራውንም ከራሴ አመጣለሁ፣ እንሥራው አልኩት። እኔ ባስቲያኖ፣ በነጻ!

«ለማን?» አለኝ።

ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዶሚቲላ ቦታ፣ በሚወድቁት ዓምዶች ስር መተኛት ጀመረ። ለምን ራስህን ትቀጣለህ ስለው፣ እሷ ያየችውን ልየው ብዬ ነው አለኝ። ያቺን የገለባ ወንበር ደግሞ ደፉ ላይ አስቀመጣት። መቀመጥ ክልክል ነው፣ ማንሳትም ክልክል ነው። ክፍሉን ለማየት የሚመጣ ሰው ወንበሩን ታክኮ ይገባና ቀና ብሎ ያደንቃል። ፍላሚኒዮ አመሰግናለሁ ይላል። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ፊቱን ማየት ይከብድ ነበር።

ሥራው ላይም ሌላ ሰው ሆነ። አዲስ ባለቤት ሲጠራው ወረቀት ከመዘርጋቱ በፊት፣ በዚህ ክፍል የሚተኛ አለ? የታመመ አለ? እናትዎ የት ይቀመጣሉ? እያለ ይጠይቃል። አንዱ ወጣት ባላባት ይህን ሲሰማ፣ እናቴን ኮርኒስ ላይ ልትሰቅላት ነው ወይ? ብሎ ሳቀበትና ሥራውን ለሌላ ሰጠው። ፍላሚኒዮ ቅር አላለውም። ነጥብን በበር ላይ ለማሳረፍ ሌሎች አሉ አለ።

በመጨረሻ በዚያው አልጋ ላይ አረፈ። ሬሳውን ስናወጣ ሳጥኑ በሩ ላይ ተቀረቀረ፤ ወንበሯ መንገድ ዘግታለች። ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ለመንካት የደፈረ የለም። ኤርሲሊያ በዓይኗ እኔን ጠቀሰችኝ። ወንበሯን አነሳኋት። ደፉ ላይ ቆሜ ስለነበር ሳላስበው ቀና አልኩ፤ ዓምዶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ዝይዋ አንገቷን አስግጋ ትስቅብኛለች። እውነት ለመናገር ቆንጆ ነበር።

ኤርሲሊያ ይህን ነገር ከዚህ ቤት አውጣልኝ ስላለችኝ ወንበሯን ተሸክሜ ቤቴ ሄድኩ። ቴክላ በሩን ከፈተችልኝና የት ልታደርገው ነው አለችኝ።

«አንቺ የት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

አብረን ስንኖር እንዲህ ብዬ ጠይቄያት ስለማላውቅ፣ ግንባሬን በእጇ ዳስሳ ትኩሳት ይኖረኝ እንደሆን አየች።